ዕዳን ከጊዜው ቀድሞ መክፈል፦ በበጀት የሚኖር ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ስሌት

ዕዳ ያለበት ቤተሰብ በየወሩ የሚከፍለውን መጠን በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ ክፍያ ውስጥ ስንቱ ዕዳውን እንደሚቀንስ፣ ስንቱ ደግሞ ለወለድ እንደሚሄድ ጠይቆ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ዕዳን ቀድሞ የመክፈል ጉዳይ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ስለሆነ፣ ወደ በጀትና ወደ ቤተሰብ ስምምነት ከመግባታችን በፊት የአንድ ወር ክፍያ እንዴት እንደሚከፋፈል በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በብር ቢሰሉም በየትኛውም ገንዘብ ቢሰሉ ውጤታቸው ያው ነው።

አንድ ቤተሰብ 100,000 ብር በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ተበድሮ በየወሩ እኩል እየከፈለ በ20 ዓመት ለመጨረስ ተዋውሏል እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 1,101 ብር ገደማ ይሆናል። የዓመቱ 12 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1 በመቶ ስለሆነ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 1,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ከተከፈለው 1,101 ብር ውስጥ ዋናውን ብድር የሚቀንሰው 101 ብር ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ወለዱ በ99,899 ብር ላይ ስለሚታሰብ ወደ 999 ብር ዝቅ ይላል፣ ዋናውን የሚቀንሰው ደግሞ 102 ብር ይሆናል። እንዲህ እያለ በየወሩ የወለዱ ድርሻ በጥቂቱ እየቀነሰ የዋናው ድርሻ በጥቂቱ እየጨመረ ይሄዳል። የጭማሪው ፍጥነት መጀመሪያ ላይ እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ ግን ይህ ቤተሰብ 15 ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያስታጉል በጠቅላላው 198,000 ብር ገደማ ከከፈለ በኋላ የሚቀርበት ዕዳ አሁንም 49,500 ብር ነው። በውሉ መሠረት 20 ዓመቱን ከጨረሰ የከፈለው ድምር 264,000 ብርን ያልፋል፤ ከዚህም 164,000 ብር በላዩ ወለድ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ስሌት ሲያይ አበዳሪው ያታለለው ይመስለዋል። ስሌቱ ግን ማታለል የለበትም። ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሆነ፣ ዕዳው ትልቅ በሆነባቸው ዓመታት ወለዱም ትልቅ መሆኑ የማይቀር ነው። ለተበዳሪው የሚጠቅመው ነጥብም ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ ከወርሃዊው ክፍያ በላይ የሚከፈል እያንዳንዱ ብር የወሩ ወለድ አስቀድሞ ስለተከፈለ በሙሉ ወደ ዋናው ብድር ይገባል፣ በዚያ ብር ላይ ሊታሰብ የነበረው የወደፊት ወለድም አብሮ ይቀራል።

ይኸው ቤተሰብ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በክፍያው ላይ 100 ብር ብቻ እየጨመረ 1,201 ብር ቢከፍል ዕዳው በ20 ዓመት ሳይሆን በ15 ዓመት ያልቃል። ጭማሪው ከወርሃዊው ክፍያ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ የሚያተርፈው ወለድ ግን ከ48,000 ብር በላይ ነው። ጊዜው ደግሞ ከመጠኑ እኩል ይወስናል። በመጀመሪያው ወር በአንድ ጊዜ የተከፈለ ተጨማሪ 1,000 ብር ከመጨረሻዎቹ ወርሃዊ ክፍያዎች ዘጠኝ ያህሉን፣ ማለትም ከ10,000 ብር በላይ ያስቀራል። ያው 1,000 ብር 15 ዓመት ተጠብቆ ቢከፈል የሚያስቀረው 1,800 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ «ገቢያችን ሲያድግ አብዝተን እንከፍላለን» የሚለው ዕቅድ፣ ገቢው በእርግጥ ቢያድግ እንኳ፣ ዛሬ ከሚከፈል ትንሽ ጭማሪ ያነሰ ጥቅም ሊያስገኝ ይችላል።

ከመክፈል በፊት ውሉን ማንበብ

ከላይ ያለው ስሌት እውነት የሚሆነው ውሉ ሲፈቅድ ነው። በመጀመሪያ ሊጣራ የሚገባው ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ነው። አንዳንድ ብድሮች ወለዳቸው በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን በመነሻው ብድር ላይ በቋሚነት ይታሰባል። 100,000 ብር በ12 በመቶ ለ5 ዓመት በዚህ ዓይነት ቢወሰድ የወለዱ ድምር 60,000 ብር፣ ወርሃዊ ክፍያው ደግሞ 2,667 ብር ገደማ ይሆናል። ያው ብድር በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ ወለድ ቢኖረው ግን የወር ክፍያው 2,224 ብር፣ የወለዱም ድምር 33,500 ብር አካባቢ ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ «12 በመቶ» ተብለው ቢጻፉም የመጀመሪያው ብድር እውነተኛ ዋጋ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። በዚያ ላይ በመነሻው ብድር ላይ የተሰላ ወለድ ከመጀመሪያው ተደምሮ የተቆረጠ በመሆኑ፣ ውሉ «ቀድሞ ለከፈለ ያልደረሰው ወለድ ይነሳለታል» ካላለ በስተቀር ቀድሞ መክፈል ምንም ላያተርፍ ይችላል። ይህን ሳያጣሩ ከጉሮሮ የተነጠቀ ገንዘብ ማስገባት የሚያሳዝን ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ተጨማሪው ክፍያ የት እንደሚመዘገብ ነው። ተበዳሪው «ለዋናው ብድር» ብሎ በጽሑፍ ካላሳወቀ፣ ትርፉ ገንዘብ ለሚቀጥለው ወር እንደተከፈለ ቅድመ ክፍያ ሊያዝ ይችላል። ይህ ከሆነ ዋናው ብድር በዕለቱ አይቀንስም፣ ወለዱም እንደ ቀድሞው ይቆጥራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተጨማሪ ክፍያ በኋላ የሂሳብ መግለጫ ጠይቆ ቀሪው ዕዳ በትክክል በከፈሉት መጠን መውረዱን ማየት ግድ ነው። አንዴ በደንብ ከተጣራ በየወሩ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በዓመት አንዴ ይበቃል።

ሦስተኛው ቅጣት ነው። አበዳሪው ቀድሞ በመከፈሉ የሚያጣውን ወለድ ለማካካስ በውሉ ውስጥ የቅድመ ክፍያ ቅጣት ሊያስገባ ይችላል። ቅጣት አለ ማለት ግን ቀድሞ መክፈል አያዋጣም ማለት አይደለም። ቅጣቱ ከተከፈለው 2 በመቶ ቢሆንና ቤተሰቡ 10,000 ብር ቀድሞ ቢያስገባ የሚቀጣው 200 ብር ነው፤ በወር 1 በመቶ በሚያስከፍል ብድር ላይ 10,000 ብር በሁለት ወር ውስጥ ይህንኑ 200 ብር ወለድ ይወልዳል። ስለዚህ ብዙ ዓመት የቀረው ብድር ከሆነ ቅጣቱ ቶሎ ይካካሳል፣ ሊያልቅ ጥቂት ወራት የቀረው ከሆነ ደግሞ መተው ይሻላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሲገባ አበዳሪዎች ሁለት ምርጫ ሊሰጡ ይችላሉ፦ ወርሃዊውን ክፍያ እንዳለ ይዞ የመክፈያ ዘመኑን ማሳጠር፣ ወይም ዘመኑን እንዳለ ይዞ ወርሃዊውን ክፍያ መቀነስ። ከፍተኛውን ወለድ የሚያተርፈው የመጀመሪያው ነው። ገቢው የሚዋዥቅ ቤተሰብ ግን ሁለተኛውን መርጦ፣ በደህናው ወር እንደ ቀድሞው መጠን እየከፈለ በክፉው ወር ዝቅ ወዳለው ግዴታ ብቻ ቢመለስ በእኔ እምነት ብልህነት ነው፤ ውሉ ያለ ቅጣት ትርፍ መክፈልን እስከፈቀደ ድረስ ሁለቱንም ጥቅም አንድ ላይ ያገኛል።

ብዙ ዕዳ ሲኖር የትኛው ይቅደም?

አንድ ዕዳ ብቻ ያለበት ቤተሰብ የመምረጥ ጭንቀት የለበትም። ብዙዎች ግን የቤት ብድር፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳና በዱቤ የተወሰደ ዕቃ በአንድ ጊዜ ይከፍላሉ። ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ትርፉን ገንዘብ ሁሉ ከፍተኛ ወለድ ወዳለው ዕዳ ማዞር ነው፤ በሂሳብ ረገድ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሁለተኛው ከትንሹ ዕዳ ጀምሮ አንድ በአንድ እየዘጉ መሄድ ነው፤ ይህኛው በወለድ ረገድ ጥቂት ቢያስወጣም ሰው የሚጨበጥ ውጤት ቶሎ ስለሚያይ የመቀጠል ብርታት ያገኝበታል። በአሜሪካ የኬሎግ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የነበሩት ዴቪድ ጋልና ብሌክሊ ማክሼን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዕዳቸው ብዛት ውስጥ ብዙውን አንድ በአንድ የዘጉ ሰዎች የተዘጉት ዕዳዎች የገንዘብ መጠን ምንም ያህል ቢሆን ሁሉንም የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል።

ሦስት ዕዳ ያለበትን ቤተሰብ እንውሰድና በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው 6,000 ብር ቀሪ ያለው የዕቃ ብድር ነው፤ ወለዱ 10 በመቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው 500 ብር ነው። ሁለተኛው 24,000 ብር የክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲሆን ወለዱ 24 በመቶ ነው፤ ቤተሰቡ በወር 900 ብር ይከፍልበታል። ሦስተኛው ከላይ ያየነው የ100,000 ብር የ20 ዓመት ብድር ነው፤ የቤት ብድር ነው እንበል። የሦስቱ ክፍያ በወር 2,501 ብር ይመጣል። ቤተሰቡ በጀቱን አጥንቶ በወር 800 ብር ተጨማሪ አገኘ እንበል፤ በዚህ ላይ ሲደመር ለዕዳ የሚውለው 3,301 ብር ሆነ ማለት ነው።

800 ብሩን ወደ ካርዱ ቢያዞረው በ13ኛው ወር የዕቃው ብድር በራሱ ያልቃል፣ ነፃ የወጣው 500 ብርም ወደ ካርዱ ይገባና በ16ኛው ወር ካርዱ ይዘጋል። 800 ብሩን መጀመሪያ ወደ ትንሹ ብድር ቢያዞረው ደግሞ ያ ብድር በ5ኛው ወር ያልቃል፣ ካርዱም በዚያው በ16ኛው ወር ይዘጋል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው የወለድ ልዩነት ጥቂት መቶ ብር ብቻ ነው። ስለ ሁለቱ መንገዶች የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ ጊዜ የሚወስድ ይመስለኛል። በእርግጥ ትንሹ ዕዳ ወለዱ ዝቅተኛ ሆኖ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ወይም የካርዱ ወለድ ከሌሎቹ እጅግ ከራቀ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ሂሳቡን መከተል ይገባል። አብዛኛው ቤተሰብ ግን ከሁለቱ ጸንቶ ሊከተለው የሚችለውን ቢመርጥ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው።

ትልቁ ውሳኔ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በ16ኛው ወር ሁለቱ ዕዳዎች ሲዘጉ 2,200 ብር በወር ነፃ ይወጣል፤ 500ው፣ 900ውና 800ው ማለት ነው። ቤተሰቡ ይህን ገንዘብ ወደ ኑሮ ሳይመልስ በቤት ብድሩ ክፍያ ላይ ቢጨምረው ወርሃዊ ክፍያው 3,301 ብር ይሆናል፣ 20 ዓመት ሊወስድ የነበረው ብድርም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲቆጠር በ52 ወር፣ ማለትም በ4 ዓመት ከ4 ወር ያልቃል። ቤተሰቡ በወር ለዕዳ ያወጣው መጠን ግን ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው ያው 3,301 ብር ነው። እንዲያውም 800 ብሩ ጨርሶ ባይገኝ እንኳ፣ አንድ ዕዳ ባለቀ ቁጥር ክፍያውን ወደ ቀጣዩ ማዞር ብቻውን ሦስቱንም ዕዳዎች በ78 ወር፣ በ6 ዓመት ተኩል ይጨርሳቸዋል። ወሳኙ ነገር ዕዳ ሲዘጋ የተፈታው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ነው። ይህ ገንዘብ በመጀመሪያው ወር ካልተያዘ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ወጪው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፤ የት እንደገባ እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚቀጥለውን ወር የባንክ ትዕዛዝ መቀየር ይሻላል።

ካርድን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። መግለጫው ላይ የሚጻፈው ዝቅተኛ ክፍያ ዕዳውን ለመጨረስ የተሰላ አይደለም። ወለዱ በወር 2 በመቶ፣ ዝቅተኛው ክፍያ ደግሞ ከቀሪው 3 በመቶ ቢሆን፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይገዛበት ዕዳው በግማሽ ለመቀነስ 65 ወር፣ ከ5 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ክፍያው የቀሪው መቶኛ ስለሆነ ዕዳው በቀነሰ ቁጥር ክፍያውም አብሮ ይቀንሳል፣ መጨረሻውም እየራቀ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዛሬ የሚከፈለውን መጠን ቋሚ ማድረግና መግለጫው ዝቅ ያለ ቢጠይቅም ያንኑ መክፈል።

ያ 800 ብር ከየት ይመጣል?

በጀት ማለት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የት እንደሚሄድ መወሰን ነው። ብዙ ቤተሰቦች ወጪያቸውን ይመዘግባሉ፣ ይህም መልካም ጅማሮ ነው፤ ሆኖም መዝገብ ያለፈውን ይነግራል እንጂ የሚመጣውን አይወስንም። ለሁለት ወር ያህል ሳያጋንኑና ሳይደብቁ መዝግቦ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ወር የእያንዳንዱን ብር ሥራ አስቀድሞ መመደብ ነው ዋናው ነገር። ገቢው ቋሚ ያልሆነ ቤተሰብ በጀቱን ባለፈው ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ባገኘበት ወር ላይ ቢመሠርትና ከዚያ በላይ የመጣውን በቀጥታ ለዕዳና ለመጠባበቂያ ቢመድበው፣ በአማካይ ገቢ ላይ ተመሥርቶ በየሁለተኛው ወር ከመጉደል ይድናል።

በጀት የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዕለት ወጪ አይደለም። የሚያፈርሱት በየወሩ የማይመጡ ወጪዎች ናቸው፤ የትምህርት ክፍያ፣ የመድን ዋስትና፣ የቤትና የመኪና ጥገና፣ ዓመታዊ ግብር፣ የበዓል ወጪ። እነዚህ ሁሉ እንደሚመጡ ይታወቃሉ፣ ግን ሲመጡ ሁልጊዜ እንደ ድንገተኛ ይታያሉ። «በወር 2,000 ብር ይተርፈናል» ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ በዓመት 14,400 ብር የሚጠይቁ እንዲህ ያሉ ወጪዎች ካሉበት፣ ያ ገንዘብ ለ12 ሲካፈል በወር 1,200 ብር ስለሆነ እውነተኛው ትርፉ 800 ብር ነው። 2,000 ብሩን በሙሉ ወደ ዕዳ ቢያስገባው፣ በስድስተኛው ወር የትምህርት ክፍያ ሲደርስ እጅ ስለሚያጥረው በ24 በመቶ ወለድ ካርድ ይመዛል። በአንድ እጅ 12 በመቶ የሚያስከፍል ዕዳ ቀንሶ በሌላው 24 በመቶ የሚያስከፍል ዕዳ የሚከፍት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ይህን ስሌት አለመሥራት ነው። እነዚህን ወጪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ከነወራቸው ዘርዝሮ፣ ለየብቻ በተከፈተ ሂሳብ በየወሩ ድርሻቸውን ማስቀመጥ ከማንኛውም የቁጠባ ብልሃት በላይ ይሠራል።

ትርፉ ከታወቀ በኋላ የሚከፈልበት ቀን መወሰን አለበት። በወር መጨረሻ «የቀረውን» ለመክፈል ያቀደ ቤተሰብ የሚቀር ነገር አያገኝም። ገቢው በገባበት ዕለት 800 ብሩ በራሱ ወደ ዕዳው እንዲተላለፍ ከተደረገ ኑሮው በቀረው ገንዘብ ይለመዳል። ከደመወዝ ውጭ የሚመጣ ገንዘብም፣ ጉርሻም ሆነ የተመለሰ ግብር ወይም የተሸጠ ዕቃ ዋጋ፣ ከመምጣቱ በፊት ምን ያህሉ ለዕዳ፣ ምን ያህሉ ለቤተሰቡ ደስታ እንደሚውል ስምምነት ቢደረግበት ይመረጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ያንን የ20 ዓመት ብድር ከ4 ዓመት በላይ ያሳጥረዋል።

የምለው ነገር ሁሉ የሚቆመው ግን በቤት ውስጥ ስምምነት ሲኖር ነው። ባልና ሚስት የእያንዳንዱን ዕዳ መጠን፣ ወለድና የመክፈያ ቀን እኩል ማወቅ አለባቸው። አንዱ በድብቅ የያዘው ዕዳ በጀቱን ከሥሩ ያናጋዋል፣ ዕዳው ሲወጣ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ መተማመኑ ይጎዳል። ሁሉን ነገር የቆረጠ በጀት ዕድሜ የለውም፤ ለእያንዳንዳቸው ሳይጠያየቁ የሚያወጡት፣ ትንሽም ቢሆን፣ የግል ገንዘብ ቢመደብላቸው ሌላውን መስዋዕትነት ለመሸከም ይቻላቸዋል። ልጆችም በዕድሜያቸው መጠን ሊነገራቸው ይገባል። አንድ ነገር ለምን እንዳልተገዛላቸው ያወቁ ልጆች የቤቱን ዓላማ የራሳቸው ያደርጉታል፤ ያልተነገራቸው ግን የወላጆቻቸውን ጭንቀት ያያሉ፣ ምክንያቱን ግን በራሳቸው ይገምታሉ። ከወላጅ ወይም ከጓደኛ ያለ ወለድ የተወሰደ ብድር ካለ በዕዳዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ሊቀመጥ አይገባውም፤ ወለድ ባይቆጥርም ቃል የተገባበት ቀን አለው፣ ያበደረው ሰውም ገንዘቡን ሊፈልገው ይችላል።

መቼ መቸኮል አይገባም?

ወደ ብድር የገባ ተጨማሪ ገንዘብ ተመልሶ አይወጣም። ባለፈው ዓመት 20,000 ብር ቀድሞ የከፈለ ሰው ዛሬ ሥራ ቢያጣ አበዳሪው የዚህን ወር ክፍያ እንደወትሮው ይጠብቃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የአንድ ወር መሠረታዊ ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ መያዝ፣ ከዚያ ከፍተኛ ወለድ ያለውን ዕዳ መዝጋት፣ ከዚያም ወደ ረጅሙ ብድር ከመዞር በፊት መጠባበቂያውን ወደ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ማሳደግ ሚዛናዊ አካሄድ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ወይም ገቢው አስተማማኝ ያልሆነ ቤተሰብ ወደ ስድስት ወር ቢያደርሰው መልካም ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ከመጠባበቂያ ያለፈ ቁጠባ ይዞ ውድ ዕዳ መሸከም ጉዳት አለው። 10,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ የተቀመጠ በዓመት 700 ብር ይወልዳል፤ 24 በመቶ የሚያስከፍል 10,000 ብር ዕዳ በዚያው ዓመት 2,400 ብር ይወስዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ የሚኖር ቤተሰብ በዓመት 1,700 ብር ለምንም ይከፍላል። ዕዳን መክፈል የወለዱን ያህል እርግጠኛ ትርፍ እንዳለው ኢንቨስትመንት ሊቆጠር ይገባል፤ ያለ ስጋት 24 በመቶ የሚያተርፍ ሌላ ቦታ አይገኝም።

የዋጋ ንረት ጉዳዩን ያወሳስበዋል። የብድሩ ወለድ ቋሚ 8 በመቶ ሆኖ ዋጋዎችና የቤተሰቡ ገቢ በዓመት 15 በመቶ ቢያድጉ፣ ከዓመታት በኋላ የሚከፈለው ገንዘብ ዛሬ ከሚከፈለው ያነሰ የመግዛት አቅም ስላለው ዕዳው በእውነተኛ ዋጋው እየቀለለ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ቀድሞ መክፈል ላያዋጣ ይችላል። ይህ ክርክር ግን በሁለት ሁኔታዎች ላይ የቆመ ነው፦ ገቢው ከንረቱ ጋር እኩል ማደግ አለበት፣ ወለዱም አበዳሪው እንደፈለገ የማይቀይረው ቋሚ መሆን አለበት። ዋጋው ሁሉ እየናረ ደመወዙ ባለበት የቆመ ቤተሰብ ከንረት የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ለእርሱ ወርሃዊ ክፍያ እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም።

ዕዳን በሌላ ብድር መተካትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 5 ዓመት የሚከፈል የ100,000 ብር ብድር በ12 በመቶ የያዘ ሰው ወለዱ 10 በመቶ የሆነ የ10 ዓመት ብድር ቢቀርብለት የወር ክፍያው ከ2,224 ወደ 1,322 ብር ገደማ ስለሚወርድ ደስ ይለዋል። የወለዱ ድምር ግን ከ33,500 ወደ 58,600 ብር ገደማ ያድጋል። የወለዱ መቶኛም የወር ክፍያውም ቀንሶ ጠቅላላ ዋጋው የጨመረው ዘመኑ ስለረዘመ ነው። አዲሱን ብድር ወስዶ የድሮውን 2,224 ብር መክፈል የሚቀጥል ሰው ብቻ ነው ከዝቅተኛው ወለድ የሚጠቀመው።

የመጨረሻው ክፍያ ሲቃረብ መዝጊያውን መጠን በግምት መክፈል አይገባም። ወለድ በየቀኑ ስለሚቆጠር፣ 50,000 ብር በ12 በመቶ በቀን 16 ብር ገደማ ይወልዳልና፣ ለተወሰነ ቀን የሚያገለግል የመዝጊያ መጠን ከአበዳሪው በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተከፈለ በኋላ ዕዳው ሙሉ በሙሉ መጠናቀቁን የሚገልጽ ማረጋገጫ ደብዳቤ መቀበል፣ በመያዣነት የተያዘው ንብረት ዕገዳ መነሳቱን በተመዘገበበት ቢሮ ማረጋገጥ፣ ዋስ የነበረ ሰው ካለ ከግዴታው ነፃ መሆኑን ማሳወቅ፣ በሚቀጥለውም የደመወዝ ቀን ከሂሳቡ ምንም አለመቆረጡን ማየት ይገባል።